«አልወለደችልኝም» ከማለታችን በፊት

በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሽምግልና የተቀመጥኩበት አንድ ጉዳይ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባልየው ከሰባት ዓመት ትዳር በኋላ ፍቺ ጠይቋል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «አልወለደችልኝም፤ ሌላ ምን ልበል?» አለ። ሚስትየው አንገቷን እንደደፋች ትንፍሽ አላለችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ፣ በእጇ የያዘችውን የሐኪም ወረቀት ተቀብለው አነበቡ። ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተዋል ይላል። ቀና ብለው ወደ ባልየው ዞሩና «ለመሆኑ አንተ ጨብጥ ይዞህ ያውቃል?» አሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። «በወጣትነቴም፣ ከተጋባን በኋላም አንዴ... መርፌ ተወግቼ ድኛለሁ» አለ በመጨረሻ። ለሚስቱ ግን ነግሯት አያውቅም።

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና አይደለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሐኪሞችን እየጠየቅሁም እያነበብኩም የተረዳሁትን ለአንባቢያን ማካፈል ተገቢ መስሎኛል።

ጨብጥ የያዘው ወንድ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግል ይፈሰዋል። ስለዚህ ይታከማል። ሴቷ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማትም። የጨብጥ የቅርብ ዘመድ የሚባለው ክላሚዲያማ ይባስ ብሎ ወንዱንም ሴቷንም ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚኖርባቸው። ተህዋሲው በመጀመሪያ በማህፀን በር ላይ ይሰፍራል፤ ካልታከመ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ እንቁላሉን ወደ ማህፀን የሚገፉ እጅግ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉት። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፣ ፀጉሮቹም ይጠፋሉ፤ ቱቦው ይጠብባል ወይም ጭራሹን ይዘጋል። የጠበበ ቱቦ ጽንሱን መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ይህ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ቱቦውን ከቀደደው በውስጥ ደም መፍሰስ እናቲቱን ይገድላል። ሌላዋ ደግሞ ለዓመታት እምብርቷ ሥር እያመማት «ብርድ ነው» እያለች ትኖራለች።

በስዊድን ሉንድ ከተማ ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህ የቱቦ ብግነት አንድ ጊዜ ካገኛቸው ሴቶች 8 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ካገኛቸው 20 በመቶ ገደማ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ካገኛቸው ደግሞ 40 በመቶ የሚሆኑት በቱቦ መጎዳት ሳቢያ መውለድ አልቻሉም። ልብ በሉ፤ ይህ ሐኪምና መድኃኒት በቅርብ ባለበት አገር ነው።

ድግግሞሹ ከየት ይመጣል? ባል ብቻውን ታክሞ ሲመጣ ነው። እሱ ይድናል፣ ከሚስቱ ተመልሶ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ይነሳባታል። አንዳንዱ ደግሞ ሐኪም ሳያየው ከፋርማሲ የገዛውን ክኒን በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ይጥለዋል። ጨብጥ ቀድሞ ይፈውሱት የነበሩትን በርካታ መድኃኒቶች የለመደው በዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም ጭምር ነው።

በሌላ በኩል ፈሳሽ የታያት ሴት ሁሉ አባላዘር በሽታ ይዟታል ማለት አይደለም። የተለመደው የብልት ፈንገስና በብልት ውስጥ በሚገኙ ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት የሚመጣው ፈሳሽ ያለ ማንም ጥፋት ሊከሰቱ ይችላሉ። በዚህ የተነሳ የፈረሰ ትዳር አውቃለሁ፤ ምርመራ ቢቀድም ኖሮ አይፈርስም ነበር።

ቂጥኝ ደግሞ ከእናት ወደ ጽንስ ይተላለፋል፤ ልጁ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። በእርግዝና ክትትል ወቅት በሚደረግ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን መርፌም ይድናል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስም የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ ለዚህ ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት መስጠት ጀምራለች።

መካንነትን በተመለከተ፣ ከሚያጋጥመው ችግር ግማሽ በሚጠጋው ውስጥ የወንዱም ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ምርመራ ከሴቷ ምርመራ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው። እንዲያም ሆኖ በኛ አገር መጀመሪያ የምትመረመረው፣ ጠበል የምትወሰደው፣ በአማት የምትሰደበው እሷ ናት።

ወደ ጀመርኩት ነገር ልመለስና፣ ባልና ሚስቱን ማስታረቅ አልተቻለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ ሀብታቸውን እኩል ተካፍለው በስምምነት ተፋቱ። በስምምነት ለሚፋቱ ሰዎች ሕጉ ምክንያታቸውን እንዲገልጹ ስለማያስገድድ፣ በመዝገቡ ላይ ስለ ጨብጡ አንዲት መስመር አልተጻፈችም።