መጥቶ የሚሄደው የጎን ሕመም

ልጁ ከመድረሳ ሲመለስ ጎኑን ይዞ ይንፈራገጣል፤ ያልበዋል፤ ያስመልሰዋል። እናት «ወስፋት ነው» ትላለች፤ አባት «ብርድ መትቶት ይሆናል» ይላል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሕመሙ ድራሹ ይጠፋና ልጁ ውጭ ኳስ ሲራገጥ ይታያል። ከሳምንታት በኋላ ያው ሕመም ይመለሳል። ኡስታዙም ቢሆኑ ልጁ ከትምህርት የሚሸሽ መስሏቸው ሊቆጡት ይችላሉ። ውድ አንባቢያን፣ እንዲህ ካለው ሕመም በስተጀርባ ሊኖር ስለሚችል አንድ እምብዛም የማይታወቅ ምክንያት ልናወጋችሁ ወደድን።

ከእያንዳንዱ ኩላሊት ሽንት ወደ ፊኛ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ አለ። በዚህ ቱቦ ግድግዳ ላይ፣ በተለይም ከኩላሊት በሚነሳበት አካባቢ፣ አልፎ አልፎ ትርፍ ሥጋ ይበቅላል። ሐኪሞች ፋይብሮኤፒቴሊያል ፖሊፕ ይሉታል። ለስላሳ ነው፤ እንደ ጣት ይረዝማል፤ አንዳንዴም ቅርንጫፍ ያወጣል። ነቀርሳ ስላልሆነ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም። ከታመሙት ልጆች የሚበዙት ወንዶች ሲሆኑ ከቀኙ ይልቅ በግራው ቱቦ ይበዛል።

ታዲያ ነቀርሳ ካልሆነ ምኑ ያስፈራል? የሚያስፈራው የበቀለበት ቦታ ነው። የተንጠለጠለው ሥጋ ቱቦውን ሲዘጋ ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊት ይወጠራል፣ ልጁ ይጮኻል። ሥጋው ፈቀቅ ሲል ሽንቱ ይወርድና ሕመሙ ይለቃል። ወላጅ «ተሻለው» የሚለው ይኼኔ ነው። መዘጋቱ ከተደጋገመ ግን ኩላሊቱ ቀስ በቀስ ይጎዳል። እንግዲህ የወስፋት መድኃኒት አንድ ጊዜ ሰጥቶ ማየት አይከፋም፤ ሕመሙ ሦስቴ እየተመለሰ ያንኑ መድኃኒት መደጋገም ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕመሙ ልጁ ብዙ ፈሳሽ ከጠጣ በኋላ ሊነሳበት ይችላል። ፆም የሚለማመድ ልጅ በኢፍጣር ሰዓት አብዝቶ ጠጥቶ ጎኑን ቢይዝ ነገሩን ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል። ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ደግሞ፣ አንድ ቀን ብቻ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ፣ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ምርመራው በአልትራሳውንድ ይጀመራል። አልትራሳውንድ ያበጠውን ኩላሊት በቀላሉ ያሳያል፤ ፖሊፑን ራሱን ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ልጁ ደህና በሆነበት ቀን ከተነሳ ደግሞ እብጠቱም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከተቻለ ሕመሙ ሳይለቀው ይዞ መሮጥ ይበጃል። ቀጥሎ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ኤም አር አይም ይረዳል። ቀለሙ ቱቦውን ሲሞላ ፖሊፑ ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ጠጠር ቢሆን በሲቲ ስካን ነጭ ሆኖ ይለይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እንዲህ ያለ ሕመም ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ችግራቸው ከተፈጥሮ የቱቦው መጥበብ ነው፤ ፖሊፑ የሚገኘው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ሐኪሙም ለጥበቱ ብሎ ከፍቶ ሳያስበው ሊያገኘው ይችላል።

ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ፖሊፑ ከነሥሩ ይቆረጥና ቱቦው እንደገና ከኩላሊቱ ጋር ይሰፋል። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን መመልከቻ አስገብቶ በሌዘር መቁረጥም ይቻላል። የወጣው ሥጋ ለናሙና ምርመራ መላክ አለበት፤ ነቀርሳ አለመሆኑ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። ቀድሞ ነቀርሳ ይሆናል በሚል ስጋት ኩላሊቱን ጭምር ማውጣት ነበረ። ዛሬ ኩላሊቱ ካልሞተ በቀር ይተርፋል፤ ፖሊፑም ተመልሶ የሚበቅለው ከስንት አንዴ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስፌቱ እስኪድን ብዙውን ጊዜ በውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ ልጁ አጭር ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይወጣለታል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ቤተሰብ ልጁ ስለዳነ ብቻ ሳይመለስ ቢቀር ቱቦው ውስጥ ጠጠር ያበጅና ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከሆስፒታል ስትወጡ ቱቦው የሚወጣበትን ቀንና የሚቀጥለው አልትራሳውንድ መቼ እንደሆነ በወረቀት አስጽፋችሁ ውጡ።