የዲስክ ማተሚያ አመራረጥ

በይፋት ቆላ፣ በአጣዬም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ በፌስታል የታሰረ የሲዲና የዲቪዲ ክምር ይገኛል። ስማርት ስልክ ከመስፋፋቱ በፊት የሠርጉ፣ የኒካሁና የክርስትናው ቪዲዮ ለቤተ ሰቡ የሚሰጠው በዲስክ ነበርና። ነገር ግን ብዙዎቹ ላያቸው ላይ ምንም አልተጻፈባቸውም፤ ቢጻፍም «ሠርግ 2» ከማለት አያልፍም። የማን ሠርግ? በስንት ዓመተ ምሕረት?

ይህ ጥያቄ በአጣዬ ከፍ ያለ ክብደት አለው። በ2013 ዓ. ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በደረሰው ጥፋት ብዙ ቤቶች ከነንብረታቸው ተቃጥለዋል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሠርጉን ቪዲዮ መልሶ የሚያገኘው ሌላው ቅጂ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ በዘመድ ቤት ተቀምጦ እንደ ሆነ ነው። ዘመዱም ካሉት ሠላሳ ዲስኮች የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው። እንግዲህ በዲስክ ላይ በንጽሕና መጻፍ ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ስለ ማተሚያው ከመናገራችን በፊት የዲስኩን አሠራር እንይ። ሲዲ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ለታችኛው ገጽ ነው፤ ሆኖም የሲዲ መረጃ የተቀመጠው ወደ ላይኛው ገጽ ተጠግቶ፣ ከስስ ቫርኒሽ ሥር ነው። ስለዚህ ላዩን በእስክሪፕቶ ተጭኖ የሚጽፍ ሰው መረጃውን ሊጎዳ ይችላል። የዲቪዲ መረጃ ግን እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር በሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለሚገኝ ከላይ የሚደርስበትን ጭረት ይችላል፤ መጣመምን ግን አይችልም።

ባለሙጫ ወረቀት የማይመከረውም ስለዚህ ነው። በ52 እጥፍ ፍጥነት የሚሠራ ማንበቢያ ሲዲውን በደቂቃ 10,000 ጊዜ ያህል ያሽከረክረዋል። ወረቀቱ በትንሹ እንኳ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ዲስኩ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል። በቆላ ሙቀት ደግሞ ሙጫው ይለቃል፣ ወረቀቱም እየተኮማተረ ዲስኩን ይጎትተዋል። ተለጥፎ የቆየውን ለመላጥ መሞከር የባሰ ጥፋት ነው፤ የሲዲው ቫርኒሽ ከነመረጃው ተገሽልጦ ሊወጣ ይችላልና።

በዲስኩ ላይ በቀጥታ የሚያትሙት መሣሪያዎች ግን ሦስት ዓይነት ናቸው።

1ኛ/ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ማተሚያ፣ ኢንክጄት የሚባለው ነው። ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሳይቀር ያትማል፤ የሚያትመው ግን ላዩ ነጭ በሆነ፣ «ፕሪንተብል» በሚባል ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

2ኛ/ በሙቀት ከሪባን ላይ ቀለም የሚያሸጋግረው ነው። ካሲዮ የሠራቸው ትናንሽ የርዕስ ማተሚያዎች ከዚህ ወገን ናቸው። በተራ ዲስክ ላይ ጥቂት መስመር ይጽፋሉ፤ ሪባናቸውን ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

3ኛ/ ኤች ፒ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ያስተዋወቀው ላይትስክራይብ ነው። ዲስኩን ገልብጦ በራሱ በጨረሩ ይጽፍበታል። የተለየ ዲስክ የሚፈልግ ሲሆን ጊዜው አልፎበታል፤ ዛሬ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

በየቢሮው የምናየው ተራው ሌዘር ማተሚያ ደግሞ ቀለሙን በሙቀት አቅልጦ በወረቀት ላይ የሚያጣብቅ ስለ ሆነ ዲስክ ፈጽሞ አይገባበትም።

ስለዚህ ምርጫው ከኢንክጄቶቹ መካከል ነው። ከነዚህም ዲስክ የሚቀበሉት ጥቂት ናቸው። ቀለማቸው ከጠርሙስ ወደ ታንከር የሚሞላው ኤፕሶን ኤል 805 እና ኤል 8050 ዲስክ ያትማሉ፤ በፕላስቲክ ካርድ ላይም ማተም ይቻልባቸዋል። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ዲስኩን የሚሸከመውን ሰሌዳ (ትሬ) አብሮ መቀበሉን ያረጋግጥ፤ ያለ እርሱ ዲስክ ማተም አይቻልም። የአማርኛ ጽሑፍ ሳይበላሽ መውጣቱንም እዚያው አሳትሞ ይመልከት።

የቆላ ሰው ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው የቀለም መድረቅ ነው። ኢንክጄት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ቀለም የሚተፋው ቀዳዳ (ሄዱ) ይደፈናል፤ ሙቀትና አቧራ ደግሞ ያፋጥኑታል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ያስፈልጋል። ማጥፋትም የሚገባው በራሱ ማጥፊያ ነው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ሄዱ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ይቀራልና፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በባትሪ የሚደገፍ ኃይል (ዩፒኤስ) ይጠቅማል።

ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮው በዲስኩ ላይ ይቀዳል፤ ከዚያ ይታተማል። አስቀድሞ የታተመ ዲስክ የጣት አሻራና አቧራ ይዞ ስለሚገባ ቅጂው ሊበላሽ ይችላል። ከታተመ በኋላ 24 ሰዓት በጥላ ይድረቅ። ቀለሙ ውኃ ሲነካው የሚደበዝዝ ስለ ሆነ እርጥብ እጅ አይንካው።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይምረጥ? የቪዲዮ ሥራ ያለው ወይም በየወሩ ብዙ ዲስክ የሚያዘጋጅ ማኅበር ባለ ታንከሩን ኢንክጄት ቢገዛ ያዋጣዋል። በቤቱ ሃያ ዲስክ ብቻ ያለው ቤተ ሰብ ግን ማተሚያ አይግዛ፤ ሃያው ታትሞ ሳያልቅ ሄዱ ሊደርቅበት ይችላል። ለእርሱ ጫፉ ለስላሳ የሆነ፣ በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ያለው የሲዲ ማርከርና ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይበቃዋል።

በማተሚያም ሆነ በእጅ ቢጻፍ፣ የሙሽሮቹ ስም ከነአባታቸው፣ ቦታው፣ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ፣ እንዲሁም ከስንት ዲስክ ስንተኛው እንደ ሆነ መጻፍ አለበት። የማንበቢያ መሣሪያውም እየጠፋ ስለ ሆነ ቪዲዮውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ከተማ ማስቀመጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ መሣሪያው አይነግረንም። በቪዲዮው ውስጥ ከሙሽራዋ ጎን የቆሙት አዛውንት ማን እንደ ሆኑ የሚያውቁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው። ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ እነርሱ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ሳያድር ይጻፍ።