ስለ ደጋ አራዊት፤ የኬንያው ቦንጎና የስሜኑ ዋልያ

ኪሊማኒ በናይሮቢ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «በኮረብታው ላይ» ማለት ሲሆን፥ ዛሬ ኮረብታው በፎቅና በሱቅ ብዛት ተሸፍኖ አቀበቱን የሚያውቀው በእግሩ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው በንግድ ወይም በሌላ ሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም፤ እንጀራውም ቡናውም ይገኛል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ማለዳ ከረዥም ሕንፃ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው፥ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የኬንያ ተራራ ጫፍ ይታየዋል። ቁመቱ 5,199 ሜትር ነው፤ ከኪሊማንጃሮ በቀር በአፍሪካ የሚበልጠው የለም።

ከስሜን የመጣ ሰው ወደዚህ ተራራ ቢወጣ እንግድነት አይሰማውም። በሀገሩ ጅብራ የሚለው ተክል ዝርያው ቢለይም በዚያም ቆሞ ያገኘዋል፤ የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ውርጭም ያው ነው። አራዊቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ምክንያቱም ደጋ ማለት በቆላ ባሕር መካከል እንደ ተቀመጠ ደሴት ስለሆነ ነው፤ በአንዱ ላይ የተወለደ አውሬ ወደ ሌላው አይሻገርም። ከታች ማሳው እየገፋው ሲመጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ የሚሸሽበት የለውም።

በኬንያ ተራራና በአበርዴር ደን ውስጥ የሚኖረው ቦንጎ የሚባለው እንስሳ በቀንዱ ጥምዝነት የእኛን የባሌ የደጋ አጋዘን ይመስላል፤ ዘመዱም ነው። ጠጕሩ ቀይ ዳማ ሆኖ በጎኑ ላይ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት የሚደርሱ ነጫጭ ሰንበሮች ወርደውበታል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ስለሚውል አዳኝ በዐይኑ በቀላሉ አያገኘውም፤ ውሻ ግን ያገኘዋል፤ ውሾች በከበቡትም ጊዜ ሮጦ ከማምለጥ ይልቅ ዞሮ መጋፈጥ ልማዱ ስለሆነ ለጦርና ለቀስት ይመቻል። በአደን፥ በወጥመድ፥ በከብት በሽታና በደን ቈረጣ ምክንያት ዛሬ በዱር የቀረው ከመቶ እንደማይበልጥ ይገመታል።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ብዙ ቦንጎዎች ተይዘው ወደ አሜሪካ የአራዊት ማቆያ ስፍራዎች ተልከው ነበር። በዚያን ጊዜ ነገሩ ንግድ ነበር እንጂ ጥበቃ አልነበረም። ሆኖም በባዕድ ሀገር ተዋልደው ስለ በዙ በ2004 ዐሥራ ስምንቱ በአውሮፕላን ወደ ኬንያ ተራራ ሥር ተመለሱ፤ በ2022 «ማዊንጉ»፥ ይኸውም «ደመናዎች»፥ የተባለ ጥብቅ ደን ተከፈተላቸው፤ በ2025ም ዐሥራ ሰባት ከፍሎሪዳ መጡ። ሸጦ መልሶ ማምጣት ለነጋዴ ጆሮ የኪሳራ ሒሳብ ይመስላል። እኔ ግን ማንም ሳያስበው የተከፈለ የመድን ገንዘብ ነበር እላለሁ።

ዋልያ ይህ መድን የለውም። በዓለም ላይ ባሉ የአራዊት ማቆያዎች ውስጥ አንድም ዋልያ አይገኝም፤ መኖሪያው የስሜን ገደል ብቻ ነው። ስለ እርሱ አስቀድመው ከጻፉት አንዱ በኬንያ የእርሻ ሹም የነበረው ሌስሊ ብራውን ሲሆን፥ ወደ ስሜንና ወደ ባሌ ተራሮች ተጕዞ ያየውን «ኢትዮጵያን ኤፒሶድ» በተባለ መጽሐፍ በ1965 አሳትሟል። በዚያ ዘመን የዋልያ ቍጥር ወደ 150 ያህል እንደ ሆነ ይገመት ነበር። ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978ም በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 ግን ከእርሻው መስፋትና ከግጦሹ ብዛት የተነሣ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ ለመውጣትም ሃያ አንድ ዓመት ፈጀበት።

ይህን ያህል ዘመን የፈጀበት ነገር ለአስተዳዳሪዎች ሊሰወር አይገባም። ከፓርኩ ውስጥ ሰውን ማስነሣት ቀላል ሥራ አይደለም። በግጭ አምባ ላይ ገብስ እየዘሩ በግም እያረቡ የኖሩ ከ400 በላይ ቤተሰቦች በ2016 ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። ሣሩ አገግሞ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው ሰፊ ቦታ ማግኘታቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ገበሬ የነበረ ሰው በከተማ ዳር ምን ሠርቶ እንደሚበላ ከመነሣቱ በፊት ሊታሰብለት የሚገባ ጕዳይ ነው። ካሳ አልቆ ሥራ ሳይገኝ ሲቀር፥ ሰውዬው የሚያውቀው መንገድ ወደ ተራራው የሚመልሰው ነውና።

በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ሲወጣ የዋልያ ቍጥር ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ከፍ ብሎ ነበር። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ግን ጦርነት ወደ ስሜን አካባቢ ደረሰ፤ በ2023ም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ጠባቂዎች እንደ ልብ መዘዋወር ተሳናቸው። በ2024 የተሰማው ቈጠራ ወደ 300 ገደማ ወርዷል።

ቱሪስቱም ቀረ። በደባርቅ ጓዝ የሚጭን ባለበቅሎ፥ መንገድ የሚመራ ወጣት፥ ወጥ የምትሠራ ሴት፥ ጠመንጃ ይዞ ከእንግዳ ጋር የሚሄድ ጠባቂ፥ ሁሉም ተራ ይዘው ይጠባበቁ የነበሩት ከዚያው ተራራ ለሚገኝ ገንዘብ ነበር። ዋልያ በደኅና ቀን ለባለበቅሎው ቀለብ ያስገኝለት ነበር፤ እንግዳ በማይመጣበት ቀን ደግሞ ያው ዋልያ ለተራበ ሰው ሥጋ ነው።