ወተት የሌለው ቁልቋል

ቢቸና ያለው የእናቴ ግቢ በቁልቋል የታጠረ ነው። ልጆች ሳለን በእንጨት ወግተነው ነጭ ወተቱ ሲንጠባጠብ እያየን ስንስቅ፣ እናቴ ከማጀት «ዓይናችሁን! ዓይናችሁን!» እያለች ትጮህብን ነበር። እውነቷን ነው፤ የቁልቋል ወተት ቆዳ ይልጣል፣ ዓይንም ሊያጠፋ ይችላል።

ሞጣ ያለችው አክስቴ «ሌሊት የሚያብብ አበባ ነው» ብላ አንድ ዝንጣፊ በጋዜጣ ጠቅልላ በደብረ ወርቅ በኩል በሚመጣ ሚኒባስ ስትልክልኝ፣ እናቴ ጥቅሉ ገና ሲፈታ ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼማ ቁልቋል ነው። ቤቴ አይገባም።»

«እማዬ፣ ቆይ እስቲ» ብዬ ቢላዋ አመጣሁና ጫፉን ቆረጥ አደረግሁት። ወተት የለም። የወጣው እንደ ተልባ ውሃ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ወተቱን ማን አለበው?» አለች።

ቀልድ ቢመስልም ትልቁ መለያ እሱው ነው። አጥራችን ላይ ያለው ቁልቋል የአገር ልጅ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ዩፎርቢያ አቢሲኒካ ይባላል። ወደ ግሽ ዓባይ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን አስገብቶ፣ ወተቱ ለቆዳ ሥራ እንደሚውል ጽፏል። አክስቴ የላከችው ግን ካክተስ ነው፤ ካክተስ ሌላ ዘር ነው። የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ በአፍሪካ ደኖችም በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ዝርያው ብቻ ነው። ቁልቋልና ካክተስን ያመሳሰላቸው ዝምድና ሳይሆን ችግር ነው፤ ሁለቱም ውሃ ሲያጥራቸው በግንዳቸው ማጠራቀም ለመዱ። እሾሃቸውም ይለያል። የቁልቋል እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ የካክተስ እሾህም፣ ቡቃያም፣ አበባም የሚወጣው ብናኝ ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ነጥብ ነው።

የአክስቴ ስጦታ ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም ነው። ኤፒፊለም በግሪክኛ «ቅጠል ላይ» እንደ ማለት ነው፤ አበባው ከቅጠል የበቀለ ይመስላልና። ያ ቅጠል የሚመስለው ግን ጠፍጣፋ ግንድ ነው። እሾህ የለውም፤ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ይላል። የያዛችሁት ግንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ግድግዳ የሚወጣ ከሆነ የድራጎን ፍሩት ተክል ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሚያብበው ሌሊት ነው። በለስ ደግሞ ካክተስ ቢሆንም በቀን ያብባል።

ዝንጣፊውን መጀመሪያ በግቢያችን ዋልካ አፈር ተከልሁት፤ ክረምቱ ሲገባ ሥሩ በሰበሰ። ይህ ተክል በአገሩ፣ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ደን፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅል ስለሆነ ውሃ የሚይዝ አፈር አይወድም። ደህናውን ቆርጬ ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ የበሰለ ፍግ ቀላቅዬ፣ ሥሩ በተበሳ የቀለም ባልዲ ተከልሁት። ውሃ የማጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። የቀትር ፀሐይ ስለሚያቃጥለው ቦታው ከጌሾው ጥላ ሥር ሆነ። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ ውርጭ ደግሞ ይገድለዋል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ባልዲውን ወደ ቤት አስገባለሁ። በአራተኛው ዓመት መስከረም ላይ ጠርዙ ላይ አንዲት ሮዝ ቡቃያ አየሁ። በለስ ቀናኝ!

ቡቃያዋ ለሳምንታት ቁልቁል ተንጠልጥላ ቆየች። አንድ ቀን አንገቷን ወደ ላይ ቀልበስ ስታደርግ ሌሊቱ መቅረቡን አወቅሁ። ያን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጎረቤቶች ለቡና መጥተው በሻማ ተቀመጥን። 2 ሰዓት ላይ ጫፏ ተላቀቀ። 4 ሰዓት ሲሆን ከስንዝር የሚረዝም ነጭ አበባ ሆና ተከፈተች፤ ሽታዋም የቡናውን አሸነፈው። ነጭነቱና ሽታው የተሰናዳው ለእኛ አይደለም፤ በጨለማ የሚበሩ ምላሰ ረጅም የእሳት ራቶችን ለመጥራት ነው። ተክሉ ራሱም የሌሊት ነው፤ ውሃው በፀሐይ እንዳይተንበት ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ውሎ ሌሊት ከፍቶ አየር ይስባል።

ጎህ ሲቀድ አበባዋ እንደ ተጨመቀ ነጠላ ተንጠልጥላለች። እናቴ «ለዚህች ነው አራት ዓመት?» ብላ ዝም አለች።

ዘንድሮ ግን ለጎረቤት ዝንጣፊ የምታድለው እሷ ናት። መጀመሪያ ቢላዋ አምጥታ ጫፉን ትቆርጥና «እዩት፣ ወተት የለውም» ትላለች። አስከትላም «ቢሆንም እጃችሁን ታጠቡ።»