«ፍላሼን ቫይረስ በላብኝ»

የምረቃ ሰሞን ደብረ ታቦር ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ያሳትማል፣ ይሄዳል። ማታ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካው ግን ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛቸዋል። «ቫይረስ በላብኝ!» ይላል። ጓደኛው ደግሞ «ፎርማት አድርገው» ብሎ ይመክረዋል።

የወራት ልፋቱን የሚያጠፋበት ይኸው ምክር ነው። የሾርትከት ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል።

ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ይነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በር በዊንዶውስ 7 ዘጋው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለቀደሙት ዊንዶውሶች ማስተካከያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ የባለቤቱን ጣት ይፈልጋል። ስለዚህ እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰውየው ሲጫነው ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። መፍትሔው መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማጽዳት፣ ቀጥሎ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። ጽሑፉ እዚያው ይገኛል።

ታዲያ የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል? ደብረ ታቦር ባለችበት ደቡብ ጎንደር ይህ ጥያቄ ከኢንተርኔት ተነጥሎ አይመለስም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መስመሩ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። አንቲቫይረስ ደግሞ አዳዲስ ቫይረሶችን የሚለየው በየዕለቱ በሚታደስ መረጃ ነው፤ አፕዴት ካላገኘ ትናንት የወጣውን አያውቅም።

በዚህ መለኪያ ቀድሞ የሚታሰበው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ዲፌንደር ነው። ክፍያ የለውም። የአፕዴት ፋይሉን ማይክሮሶፍት ለብቻው ስለሚያወጣው፣ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ የሚመጣ ሰው በፍላሽ ሊያመጣው ይችላል። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት ተብሎ ስለሚለያይ ከማውረድ በፊት የራስን ኮምፒውተር ማየት ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚጭኑት ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው። ፍላሽ ላይ ያተኩራል፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ግን ከሌላ አንቲቫይረስ ጎን የሚቆም ተጨማሪ ጥበቃ ነው ይላሉ። ብቻውን መተማመኛ ሊሆን አይገባም። ሁለት ሙሉ አንቲቫይረሶችን አብሮ መጫንም አይመከርም፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ማሽኑንም ያዘገዩታል።

ነፃ የሚባለውንም መመርመር ይገባል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ አቫስት የደንበኞቹን የኢንተርኔት አጠቃቀም መረጃ ሸጧል በሚል 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህ የባሰው ግን ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ለማሠራት የሚጫነው ፋይል ነው። «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋው» የሚል ክራክ፣ ሌባው ራሱ ዘበኛውን እንድናሰናብትለት እንደ መጠየቅ ነው።

ጥንቃቄው ሕትመት ቤት ከመሄድ በፊት ይጀምራል። ዋናው ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይና ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ኢንተርኔት ካለ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ለሱቁ መላክ ይቻላል፤ ከሌለ ደግሞ ያንን ፒዲኤፍ ብቻ የያዘ ፍላሽ ይሂድ፤ ሲመለስም አንድም ፎልደር ሳይከፈት በቅድሚያ ስካን ይደረግ።