ስለ ችፌና ስለ ቆዳ ጠባቂዎች

በደብረ ብርሃን ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነው በዚያ ሜዳ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ወራት፣ ችፌ ያለበትን ሕፃን የክንዱን ማጠፊያ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ የፈረንጅ መጻሕፍት እንደሚሥሉት የቀላ ቆዳ ሳይሆን፣ ጠቆር ያለና አመዳማ፣ በጥቃቅን እብጠት የጎረበጠ፣ ከመታከክም ብዛት የወፈረ ቆዳ ያገኛል። እናቲቱ ለጋ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ጎረቤት ግን «ንጽሕና ጎድሎበት ነው» ይላል። ይህ አነጋገር እናትን ያለ በደሏ የሚኰንን ነውና ሊተው ይገባል። ችፌ ከእድፍ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም፤ የነገሩ አንዱ ሥር ሰውነትን ይጠብቁ ዘንድ በተፈጠሩት የመከላከያ ሕዋሳት ሥራ ውስጥ ነው።

ከእነዚህም አንዳንዶቹ በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 ጳውል ላንገርሐንስ የተባለ፣ ገና የሕክምና ተማሪ የነበረ ጀርመናዊ በአጉሊ መነጽር አይቶ ሲገልጻቸው የነርቭ ወገን መስለውት ነበር፤ የመከላከያ ሕዋሳት መሆናቸው የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ገደማ ነው። ተግባራቸውም ባዕድ ነገርን ይዘው ወደ ንፍፊት መውረድና በዚያ ላሉት፣ ቲ ለተባሉት ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው። በቀድሞው ዘመን ከሐረር በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር የሚወጣው ነጋዴ በኬላ ተፈትሾ፣ ቀረጡን ከፍሎ በሰላም ያልፍ እንደ ነበረ፣ የጤነኛ ሰው ሕዋሳትም የአቧራውንና የአበባውን ብናኝ መርምረው ያሳልፋሉ፤ በችፌ ጊዜ ግን ኬላ ጠባቂው ሰላማዊውን ነጋዴ ሽፍታ ነው ብሎ ነጋሪት ያስመታበታል።

በዚህ ጊዜ ቀድመው የሚነሡት ረዳት ቲ ሁለት የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው። ኢንተርሉኪን 4 እና ኢንተርሉኪን 13 የተባሉትን መልእክተኞች ያፈልቃሉ፤ በእነዚህም ትእዛዝ ቢ የተባሉት ሕዋሳት ኢሚውኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ፣ ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ቆዳው ይጎርፋሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን እነዚሁ መልእክተኞች የቆዳው ሕዋሳት ቅባታቸውንና ማጠናከሪያ ፕሮቲናቸውን እንዳይሠሩ ማድረጋቸው ነው፤ ስለዚህ በደረቁ የደጋ አየር ውስጥ እርጥበቱ እየተነነ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ስታፊሎኮከስ የተባለውም ተሕዋስ በስንጥቁ ይሰፍራል። ኢንተርሉኪን 31 ደግሞ ነርቭን ነክቶ ማሳከክን ያመጣል፤ ሕፃኑ ሲታከክ ቆዳው ይላጣል፤ የተላጠውም ቆዳ ሌሎች ሕዋሳትን ይጠራል። ሸካራው የበግ ጠጉር ባና በሌሊት ሲፈትገው መከራው ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሊቃውንት ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘር ለውጥ ለችፌ እንደሚያጋልጥ በአውሮፓ ባረጋገጡ ጊዜ፣ የበሽታው ምሥጢር በዚያ የተፈታ መስሎ ነበር፤ በሰሜን አውሮፓ ይህን ለውጥ የሚሸከመው ከ10 ሰው ወደ 1 ያህል ነውና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከመቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ሲመረምሩ ይህን ጉድለት ከሞላ ጎደል አላገኙትም። ኋላም የቆዳ ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያጋጥመው የክላውዲን 1 ዘር በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከችፌ ጋር እንደሚገናኝ ታየ። እንግዲህ በአውሮፓውያን ደም የተገኘው መልስ ለደብረ ብርሃኑ ሕፃን ሙሉ መልስ አይደለም፤ ስለዚህ በእኛ አገር የመከላከያ ሕዋሳቱ ጠባይ ራሱን ችሎ ቢመረመር እጅግ የሚጠቅም ይመስለኛል።

የኢንተርሉኪን 4ንና የ13ን መልእክት የሚያግድ ዱፒሉማብ የተባለ መርፌ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ከተራው ሰው አቅም የራቀ ነው። በቅርብ ያለው ሕክምና ሕፃኑን ለብ ባለ ውኃ አጠር አድርጎ ማጠብ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት፣ ከባናው በታች ለስላሳ ጥጥ ማልበስ፣ ሲብስም የተቆጡትን ሕዋሳት የሚያበርደውን የስቴሮይድ ቅባት፣ ከገበያ በግምት ሳይሆን፣ ሐኪም በወሰነው ብርታትና ለወሰነው ቀን ብቻ መቀባት ነው።