ለትንሽ ሥራ ትንሽ መርጫ

የስፖኪዮ ቆብ፣ የሞተር ሳይክል ፓራፋንጎ፣ ጥጉ የተፋቀ ፓራውልት፦ እነዚህን በትልቁ የቀለም መርጫ የሚቀባ ባለሙያ አብዛኛውን ቀለም ለነፋስ ይገብራል። ርጭቱ ከዕቃው ስለሚሰፋ የተረፈው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። ይህ ሁሉ እየታየ ትንሿ መርጫ በየጋራዡ መናቋ ያሳዝነኛል። የመርጫ ታሪክ ራሱ የጀመረው በትንሹ ነው፦ አሜሪካ፣ ቶሌዶ ከተማ ውስጥ አለን ዴቪልቢስ የተባለ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ ዕቃ ሠራ፤ ልጁ ቶማስ ደግሞ ያንኑ ዘዴ ለቀለም አዋለው።

ትንሿ መርጫ ብዙ ጊዜ ከ125 እስከ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ከላይዋ አላት፤ አፈሙዟም ለቀለምና ለክሊር ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። አንቲሩጂን ሰፋ ያለ ይፈልጋል።

ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ይህንኑ የሚሊ ሜትር ቁጥር ብቻ ነው። ቀለሙን የሚያደቅቀው ግን ከፊት የሚታሰረው የአየር ቆብ ነው። ፈትታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የመሃሉ ቀዳዳ አፈሙዙን ሲያቅፍ ዙሪያውን ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ ከዚያ የሚወጣው አየር ቀለሙን ይበትነዋል። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ቀንዶች ደግሞ ብናኙን ከሁለት ወገን ጨምቀው ጠፍጣፋ ያደርጉታል። የጥሩ ትንሽ መርጫ ችሎታ ይህን ርጭት በጥቂት አየር፣ ጠባብና እኩል አድርጎ ማውጣት ነው። አፈሙዝ፣ መርፌና ቆብ ተዛምደው የሚሠሩ በመሆናቸው ትልቁን መርጫ አፈሙዙን ብቻ በመቀየር ትንሽ ማድረግ አይቻልም።

አንድ ወጣት ቀቢ ርጭቱ በአንድ ወገን እየወፈረ አስቸግሮት አዲስ መርጫ ሊገዛ ሲነሳ ደረስኩ። ካርቶን ላይ አስረጨሁት፤ ቆቡን ግማሽ ዙር አዙሮ ደገመው። ወፍራሙ ወገን ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ። ጉድለቱ ከቆቡ ጋር ከዞረ ችግሩ ከቆቡ ነው፤ ባለበት ከቀረ ከአፈሙዙ ነው። የእሱ ቆብ አንዱ የቀንድ ቀዳዳ በደረቀ ቀለም ተደፍኖ ኖሯል። ቲነር ውስጥ ቆይቶ በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ሲጸዳ ርጭቱ ተስተካከለ።

ቀዳዳውን በሽቦ የምትጎረጉሩ፣ እባካችሁ ተዉ! ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ እኩል ርጭት አይገኝም። መርጫውን እንዳለ ቲነር ውስጥ ዘፍቆ ማሳደርም ጎሚኒውን ይበላዋል።

ርጭት ሲበላሽ ግፊት የመጨመር ልማድም ይቅር። ግፊት ሲበዛ ቀለሙ ከዕቃው ነጥሮ ይመለሳል፤ የተረፈው ሳያርፍ ይደርቅና ላዩን ያሻክረዋል። ኤች ቪ ኤል ፒ የሚባለው ዓይነት ከቆቡ ላይ ከ0.7 ባር በማይበልጥ ግፊት እንዲሠራ የታሰበ ነው። መግቢያው ላይ የሚሰጠውን ግፊት ፋብሪካው ይጽፈዋል፤ የሚነበበውም ቃታው ተስቦ አየር እየወጣ ሳለ ነው። ቃታው ሳይሳብ የሚታየው ቁጥር ያታልላል። ትንሿ የምትጠጣው አየር ትንሽ ስለሆነ መጠነኛ ኮምፕሬሰርም ይበቃታል።

የሥራው ማነስ ግን ከጭምብል ነጻ አያወጣም። የክሊር ማጠንከሪያ አይሶሳያኔት አለበት፤ አስም ያስይዛል። ጨርቅ አያስቆመውም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያመጣ ጭምብል ያስፈልጋል።

እንግዲህ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ቆቡ፣ አፈሙዙና መርፌው ለብቻ የሚገኙ መሆናቸውን ጠይቁ። መለዋወጫ የሌላት መርጫ በርካሽ ብትገዛም አንድ ቀዳዳ የተበላሸባት ቀን ሙሉ ዋጋዋን ታስከፍላለች።